አባቴ በጆሮ የቃኙት ሞኒተር

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ከመሀል ብድግ ብዬ የምሄድ ሴት ነኝ። እንትና ቤት ጥላ ታየ፣ እንትና መቃብር ላይ መብራት በራ ሲሉኝ፣ «መብራት መች ለእኛ ለቋሚዎቹ ተዳረሰና» እያልኩ የማላግጥ፣ በዚህም የተነሳ አክስቶቼ «ይቺ ልጅ ኮምፒውተር ከተማረች ወዲህ እምነቷ ሳስቷል» እያሉ የሚያሙኝ። የካህን ልጅ ስለሆንኩ ብዙ ሰው በዚህ ነገር ቶሎ የማምን ይመስለዋል፣ እመኑኝ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ጥግ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጸበል ቦታ የሚጮኸውን እየሰማ ስለሚተኛ እንዲሁ በቀላሉ አይደነግጥም።

ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ደረሰብን የሚሉት ሁሉ ሌሊት ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ዝናብ ነበር ይላሉ። የእኔ ግን የቅዳሜ ገበያ ደርቶ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይዋ እንደከረረች፣ ደጃፌ ላይ ሰው በግ እየተሻሻጠ ነው የሆነው። ከእኔ ሌላ አራት ሰው አይቶታል፣ አንዱ እስላም ነው፣ አንዱ ደግሞ ያን ቀን አባቴን ሊረታ የመጣ ሰው ነው፣ ስለዚህ ተመካክረው ዋሹ የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ ተዉት።

ሚሊኒየሙ ተከብሮ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ መብራት በፈረቃ የነበረበት ጊዜ። እኔ ወልድያ ኮምፒውተር ተምሬ ወደ ላሊበላ ተመልሼ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ ተብለን ገበያው አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ደርሳኝ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ጎኔ ወፍጮ ቤት ነው፣ ወፍጮው ሲነሳ ቆርቆሮው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከደንበኛ ጋር የምንግባባው እየተጯጯህን ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፣ አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ባለች አንዲት ደብር አርባ ዓመት ሙሉ ድጓ አስተምረዋል። ድጓ የማታውቁ ካላችሁ፣ የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ በሙሉ የተሰበሰበበት መጽሐፍ ነው፣ ከቃሉ በላይ ድምፁ የት እንደሚነሳ የት እንደሚወድቅ የሚናገሩ ደቃቅ ምልክቶች አሉት። በስተርጅና ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፣ ሰው የሚለዩት በድምፁ ሆነ፣ እሱም አልበቃ ብሎ በዚያ ክረምት የዕቃ ቤቱ ጣራ አፍስሶ የደብሩን ድጓ አበሰበሰው፣ ብራናው እርስ በርሱ ተጣብቆ ቢገልጡት የማይገለጥ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው መሪጌታ ፍሥሐ የሚመጣው። የድጓ መምህራን ሁሉ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተልሔም ተምሮ፣ አስመስክሮ የመጣ ወጣት ነው፣ ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፣ እዚህ ግን ፍቀዱልኝ፣ እኩያዬ ነው። ይሄ ሰው መጽሐፉ በበሰበሰ በሳምንቱ ምን ብሎ ተነሳ መሰላችሁ፣ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ከሚባለው ዜማ አንዲት ቃል ላይ የኔታ ርክርክ ማድረጋቸው ስህተት ነው፣ በተማርኩበት ቁርጥ ነው፣ አለ። ርክርክ ድምፅ እየተንከባለለ የሚወርድበት ነው፣ ቁርጥ ደግሞ ቀጥ አድርጎ መተው ነው። ለእናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፣ ለአባቴ ግን ከመምህራቸው ተቀብለው አርባ ዓመት ያስተማሩት የአገሩ ዜማ ነው፣ ያ ስህተት ነው ከተባለ እሳቸውም፣ ያስተማሯቸውም፣ የተማሩባቸው የሞቱትም ሁሉ ተሳስተው ሊቀሩ ነው።

የደብሩ አለቃ ሁለቱንም አዳምጠው፣ «የኔታ፣ አይቀየሙን፣ አንቱም ከመጽሐፍ ያሳዩን፣ እስከ ቅዳሜ ካልታየ ዘንድሮ በመሪጌታ ፍሥሐ ይባላል» ብለው ፈረዱ። አባቴ ያን ዕለት ቤት መጥተው እህል አልቀመሱም። ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉና፣ «ሙልዬ፣ ዓይኔ ሲጠፋ አልከፋኝም፣ ዜማዬ ግን እያየሁት ሲጠፋ ምን ላድርግ» አሉኝ። ያን ማታ እኔም አልተኛሁ።

አንድ ተስፋ ነበረን። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ፈረንጅ አጥኚ መጥቶ ያንን ድጓ ከዳር እስከ ዳር ፎቶ አንስቶት ነበር፣ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፣ ሲሄድ አሮጌ ላፕቶፑን ፎቶው በሙሉ እንዳለበት «ያንቺ ይሁን» ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ላፕቶፑ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባለው ነው የሚሠራው፣ ትእዛዝ በጽሑፍ እየሰጡ የሚያዙት ዓይነት፣ ሲነሳ ደግሞ ሁለት ጊዜ ትንሽ የከበሮ ድምፅ ያሰማል። አባቴ መጀመሪያ የሰሙ ዕለት «ይሄስ ከእኛው ወገን ነው» ብለው ስቀው ነበር።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ በዚያው ክረምት አንዲት የገበያ ፍየል ከባለቤቷ እጅ አምልጣ ሱቄ ገባችና፣ ጠረጴዛው ላይ ዘላ፣ የተከፈተውን ላፕቶፕ ረግጣ ወጣች። ማሽኑ ይነሳል፣ ከበሮው ይመታል፣ ስክሪኑ ግን ድርግም ያለ ጨለማ ነው። የሱቁ ዋና ኮምፒውተር ደግሞ መብራት ሲዋዥቅ ተቃጥሎ ሳጥኑ ወልድያ ለጥገና ሄዷል፣ የቀረኝ ያ የድሮው፣ ሆዱ የገፋው፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ሞኒተሩ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ቤት ወስጄ ልሰካ ስል «ቫይረስ ታስገቢብናለሽ» አሉኝ፣ ሆቴል ልውሰደው ስል አባቴ «ድጓ ቢራ ከሚጠጣበት ቤት አይገባም» አሉ። «ፎቶ እኮ ነው አባዬ» ብላቸው፣ «የተጻፈው ቃል ያው አይደለም?» አሉኝ። ስለዚህ ላፕቶፑን ከሞኒተሩ ጋር ማጋባት ግድ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰይድ መጣ። ሰይድ የወልድያ ሰው ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እየመጣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ እጁ ወርቅ ነው። ገመዱን ከላፕቶፑ ወደ ሞኒተሩ ሰካን፣ ላፕቶፑ ተነሳ፣ ከበሮው ሁለቴ መታ፣ ሞኒተሩ ግን አንዲት ትንሽ ሳጥን አውጥቶ በእንግሊዝኛ ከክልል ውጭ የሚል ጽፎ መልሶ ጨለመ።

«ምን ይላል?» አለኝ ሰይድ።

«ከክልል ውጭ ነው ይላል።»

«እኛ ክልል ሦስት ነን፣ እሱ ከስንት መጥቶ ነው?» ብሎ አሳቀኝ፣ ኋላ ግን ገመዱን ነቅሎ ጫፉን ወደ ብርሃን አድርጎ ሲያየው ሳቁ ጠፋ። ከቀጫጭኖቹ እግሮች አንዷ ተሰብራለች፣ እሷ ደግሞ ሞኒተሩ ለላፕቶፑ የሚችለውን የሚናገርባት እግር ነች። ሌላ ገመድ ላሊበላ የለም፣ ከወልድያ እስኪመጣ ቅዳሜ ያልፋል። ሞኒተሩ ካልተናገረ ደግሞ ለላፕቶፑ በእጅ መንገር ነው፣ ስፋቱ ይህን ያህል፣ ቁመቱ ይህን ያህል፣ በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ ሥዕሉን ያድስ ብሎ። ስፋትና ቁመቱን አውቀዋለሁ። የማደሻው ቁጥር ግን ጀርባው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ድሮ ተልጦ ጠፍቷል፣ ቁጥሩ ካልተስማማው ደግሞ ሞኒተሩ እንቢ ይላል።

እኔ እንግዲህ ትናንቱን ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ የሊኑክስ ሰዎች የሚወያዩበትን ሁሉ አንብቤ፣ ትእዛዞቹን በደብተር ገልብጬ መጥቻለሁ። ችግሩ የምጽፈውን የማይበት ስክሪን የለም። ግን እኔ ማን ነኝ፣ ወልድያ ስንማር አስተማሪያችን እጃችንን በጨርቅ ሸፍኖ ነበር የሚያስጽፈን፣ ያኔ የረገምኩትን ሰውዬ ያን ቀን መረቅኩት። ሦስቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኜ፣ የትእዛዝ መስኮቱ ተከፍቷል ብዬ አምኜ፣ ያንን ረጅም ትእዛዝ በጨለማ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። አንዲት ነጥብ ብስት ሁሉም ከንቱ ነው። መጀመሪያ ስልሳ ሰጠሁት፣ ከክልል ውጭ። ሰባ አምስት ሰጠሁት፣ ከክልል ውጭ። ሰይድ ላቡን ይጠርጋል፣ ወፍጮው ይጮኻል፣ አለቃውና መሪጌታ ፍሥሐ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ፣ አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ጥግ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሆናል፣ አባቴ ከጥግ አግዳሚው ላይ ሆነው፣ «ሙልዬ፣ ቅድም የሰጠሽው ይሻል ነበር፣ ይሄኛው ይጮኻል» አሉኝ።

«ምኑ አባዬ?»

«ያ ሳጥን ነዋ፣ ቁጥር በለወጥሽ ቁጥር ድምፁን ይለውጣል። አትሰሚም እንዴ?»

እኔ ከወፍጮው ሌላ የምሰማው የለም። ሰይድን አየሁት፣ እሱም አይሰማም። አባቴ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ሃያ ተማሪ አንድ ላይ ሲያዜም ከመሀል አንዱ ሲስት «አንተ በሩ ጋ ያለኸው፣ ዝቅ በል» የሚሉ ሰው ናቸው። መቋሚያቸውን ይዘው ተነስተው፣ ጆሯቸውን ከሞኒተሩ ጎን አስጠግተው፣ «በይ ቁጥርሽን ስጪው» አሉኝ።

ሰጠሁት። ሃምሳ ስድስት፣ «ይሄ ያንቀላፋል።» ሰባ ሁለት፣ «ይሄ ጉሮሮውን ሊቀድ ነው፣ አውርጂው።» ሰባ፣ «ቀረበ፣ ቀረበ፣ ግን ገና አልተቀመጠም፣ እግሩ አየር ላይ ነው።» ስልሳ አምስት፣ «አሁንስ አለፍሽው፣ ትንሽ አንሺው እንጂ!» እያሉ ልክ እንደ ተማሪያቸው ሊቆጡኝ ነው። እኔም እልህ ያዘኝ፣ በየመሀሉ ከላፕቶፑ ያ የከበሮ ድምፅ እንደገና ሲመታ ሰማሁ፣ እሱ እኮ የሚመታው ሲነሳ ብቻ ነው፣ አባቴም «ማነው የሚመታው?» አሉ፣ «ራሱ ነው» ብዬ መጻፌን ቀጠልኩ። አንዴ ደግሞ ሰይድ ሞኒተሩን በማብሪያው አጥፍቶት ሳለ አባቴ «አሁንም ይሰማል» አሉ፣ ሰይድም «ውስጡ የተጠራቀመ መብራት አለ የኔታ፣ ቶሎ አይሞትም» ብሎ አስረዳቸው፣ እኔም እውነት ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ቆየት ብሎ እኔም ድምፁን መስማት ጀመርኩ፣ ቀጭን፣ ንብ ቀፎ ውስጥ የምታሰማው ዓይነት እምምታ። ጆሮዬ ለመደ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ስልሳ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። «እህ!» አሉ። ስልሳ ሰባት ብዬ ጻፍኩ፣ በደብተሬ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች የትኛውም ጋ የሌለ ቁጥር ነው፣ መጨረሻውን ቁልፍ ስጫን አባቴ በመቋሚያቸው ወለሉን ገጭ አድርገው፣ «ይኸ ነው! አሁን ቦታው ገባ!» አሉ።

ሞኒተሩ ጭልጭል አለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቦግ ብሎ ተከፈተ! ከዳር እስከ ዳር፣ አንድም መስመር ሳይዛባ፣ የጻፍኩት ትእዛዝ ሁሉ እላዩ ላይ ተደርድሮ። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት፣ ሰይድ «አላሁ አክበር!» ብሎ ፒንሳውን ጣለ፣ ደጃፍ ያሉት በግ ሻጮች ሰርግ ያለ መስሏቸው አንገታቸውን አስገቡ። መመሪያ የጻፉት የሊኑክስ ሊቃውንት ሁሉ ተሰብስበው ያልነገሩኝን ቁጥር አንድ ዓይናቸው የደከመ መሪጌታ በጆሯቸው አወጡት፣ ይህን ለማን ብናገር ያምነኛል እያልኩ በደስታ አለቀስኩ።

አለቃውና መሪጌታ ፍሥሐ ሲደርሱ አባቴ ጫማቸውን አውልቀው ቆመው ነበር የጠበቋቸው። «መጽሐፍ ሊገለጥ ነው» አሉ። ሰይድማ ከሁላችንም ቀድሞ ነው ያወለቀው፣ «ኪታብ ነው» ብሎ። አለቃውም አወለቁ፣ ፍሥሐ «ፎቶ እኮ ነው» ሊል አፉን ከፍቶ አለቃውን አየና ጎንበስ ብሎ ፈታ። እኔ ፎቶዎቹ ያሉበትን ከፈትኩ፣ አባቴ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው ፊደሉን በሰፊው እያስጎሉኝ፣ «ግለጪ» ይሉኛል፣ እገልጣለሁ። «ግለጪ።» በገለጥኩ ቁጥር ብራና ሲገለጥ የሚሰማው ያ ኮሽታ ይሰማኛል፣ ፕሮግራሙ እንዲህ ያለ ድምፅ እንደሌለው አውቃለሁ፣ ግን ያን ሰዓት ልቤ ሌላ ቦታ ነው፣ አንዱ ወረቀት ነክቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

«ቁሚ!» አሉ ድንገት። «ይቺ ናት።»

ገጿ ከሌሎቹ ይልቅ ጥርት ብላ ነው የወጣችው። አባቴ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው መስመሩን እየተከተሉ ሄደው ያቺ ቃል ላይ ቆሙ። በላይዋ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የተደረደሩ ነጥቦች፣ ርክርኩ፣ አንድ ሳይጎድል ተቀምጧል። እኔ ምልክት አላውቅም፣ ነጥብ ግን አያለሁ፣ አምስታችንም አየን። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ያቺን መስመር ከመነሻዋ ጀምረው አዜሟት፣ ቃሏ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው እየተንከባለለ ወረደ፣ ቤቱ እንዲያ ጸጥ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

አለቃው በመሀል፣ «ገጹን የያዘው ጣት የማን ነው?» አሉ። እውነትም በግራ በኩል ኅዳጉ ላይ አንድ አውራ ጣት ቅጠሉን ተጭኖ ይታያል፣ ጠይም፣ ጥፍሩ በቀለም የጠቆረ። «የፈረንጁ ረዳት ይሆናል» አልኩ እንደዋዛ።

ፍሥሐ ርክርኩን ደጋግሞ አየው። ከዚያ፣ ይህን መናገር አለብኝ፣ ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ጎንበስ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሳመና «ይፍቱኝ የኔታ» አለ። «እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ፣ አንተም የተማርከውን ነው የተናገርከው» አሉት፣ እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ። አለቃውም «ኅዳር ሚካኤል በየኔታ ነው» ብለው ፈረዱ። ደስታዬን በምን ልንገራችሁ። ፍሥሐ ሊወጣ ሲል ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሙሉ፣ ይቺን ገጽ አትሚልኝ፣ ለተማሪዎች ማሳያ ትሆነኛለች» አለኝ፣ እሺ አልኩት፣ አባቴ ግን «ዛሬ በቃ፣ ሸፍኚው» አሉ፣ ነጠላዬን ሞኒተሩ ላይ ጣል አደረግሁ።

እንግዶቹንና አባቴን ሸኝቼ ስመለስ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ጆንያዋ ላይ የተቀመጠች ሴትዮ፣ «እናንተ መብራት አላችሁ እንዴ?» አለችኝ።

«ምነው?»

«እኛማ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ጠፍቶብን ይኸው እህላችንን ታቅፈን ቁጭ ብለናል።»

ያኔ ነው ወፍጮው ዝም ማለቱን ያስተዋልኩት። ለካ ጆሮዬ አልለመደም፣ ወፍጮው ነው የቆመው። ሰይድ ከውስጥ ሰምቷት ኖሮ አምፖሉን ጠቅ አደረገ፣ አልበራም። እንደገና ጠቅ አደረገ፣ አልበራም። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ እሱ ይሁን፣ ሞኒተሩ ግን ከግድግዳው ሌላ ምንም የለውም። ሰይድ ገመዱን በእጁ እየዳሰሰ እስከ ግድግዳው ሄደና ሶኬቱን ነቀለው። ሁለታችንም ሞኒተሩን አየን። ከነጠላዬ ሥር ብርሃኑ እንደበራ ነበር፣ እምምታውም ነበር፣ ምናልባት አባታችን ሆይ ተብሎ እስኪያልቅ ያህል ቆየና ጠቅ ብሎ ጠፋ። ሰይድ ዕቃውን ሰበሰበ። «ወላሂ ሙሉ፣ ሃያ ዓመት ጠግኛለሁ» አለኝ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ወጣ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣም በሱቄ በኩል ሳይሆን ዞሮ በላይኛው መንገድ ነው ያለፈው።

ሰኞ መብራት መጣ። እኔም ቆሻሻ መስመር ይሆናል፣ ከሌላ ፈረቃ ያመለጠ መብራት ይሆናል እያልኩ ራሴን አሳምኜ ሞኒተሩን አበራሁት፣ ስልሳ ሰባትን ሰጠሁት፣ ወዲያው ቁልጭ ብሎ ተከፈተ፣ እስከ ዛሬም በዚያች ቁጥር ነው የሚሠራው፣ ይኩራራ አባቴ። የፍሥሐን ገጽ ላትም ፎቶዎቹን ከፈትኩ፣ ገለጥኩ፣ ገለጥኩ፣ የለም። ተመልሼ አንድ በአንድ ሄድኩ። ከሷ በፊት ያለው ገጽ አለ፣ ከሷ በኋላ ያለው አለ፣ የፎቶዎቹ ተራ ቁጥርም አልዘለለም፣ ያ ፈረንጅ ሲያነሳ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገልጦ ያቺን ገጽ ጭራሽ ሳያነሳት አልፏል። አራት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ። ሊኑክሱ ቅዳሜ የተከፈቱትን ፎቶዎች ዝርዝር ይዟል፣ እሱንም አየሁ፣ ፊተኛው ተከፍቷል፣ ኋለኛው ተከፍቷል፣ በመሀላቸው የተከፈተ የለም። ደግሞ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፣ ፈረንጁ ሲያነሳ አጠገቡ ቆሜ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ገጹን የሚይዘው ራሱ ነው፣ ነጭ ጓንት አድርጎ፣ ሌላ ሰው አላስነካም።

ሱቁን ዘግቼ ቤት ሄድኩና ለአባቴ ነገርኳቸው። ብዙም አልተገረሙም።

«አንቺ አይተሻል?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«አለቃውስ አይተዋል? ፍሥሐስ?»

«አይተዋል።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?» አሉኝ። ከዚያ ግን ወደ ድምፄ ዞር ብለው፣ ቀስ አድርገው፣ «ሙልዬ፣ ያ ጣት፣ ጥፍሩ ላይ ቀለም ነበረበት?» አሉኝ።

«ነበረበት።»

«የግራ እጅ ነው?»

«የግራ ነው አባዬ።»

አማተቡ። ማንን እንዳሰቡ ያን ዕለትም ከዚያም በኋላ ብጠይቃቸው አልነገሩኝም።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። የዚያን ዋዜማ ነገር የነበረ ሰው ይመስክር፣ አባቴ መሀል ቆመው፣ ፍሥሐ በቀኛቸው ሆኖ፣ ያቺ ቃል ስትደርስ ሁሉም አንድ ላይ እያንከባለሉ ሲያወርዷት ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት፣ እኔም ከሴቶቹ መሀል ሆኜ እልል አልኩ፣ አባቴ አሸነፉ፣ አገሩ ዜማውን ይዞ ቀረ። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ አዜመዋት አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬ ደብሩን የሚመራው ፍሥሐ ነው፣ ርክርኩን ለተማሪዎቹ ሲያስተምር «በዓይኔ ከመጽሐፍ ያየሁት ነው» እያለ ነው።

እና በየዓመቱ ኅዳር ሲቃረብ ሱቄ ይመጣል፣ ያቺን ገጽ አትሚልኝ ይላል። የለችም ብዬ ብነግረው፣ ያየነው ታዲያ ምን ነበር ብሎ ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ደግሞ የአባቴ ርክርክ መልሶ ስህተት ሊባል ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት ማተሚያው ተበላሽቷል አልኩት፣ አንድ ዓመት ወረቀት አለቀ አልኩት፣ ሌላውን ዓመት ሁሉ ደግሞ ቀለም የለም እያልኩ ነው የኖርኩት። ለካህን መዋሸት ጥሩ አይደለም፣ አውቃለሁ፣ ምን ላድርግ።

ዘንድሮ ደሴ ሄዶ ቀለሙን ራሱ ገዝቶ መጣ። «በይ እንግዲህ፣ አሁን ምክንያት የለሽም፣ ነገ ጠዋት መጥቼ እወስዳለሁ» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ቀለሙ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሞኒተሩን አብርቼዋለሁ፣ ፎቶዎቹ ያሉበት ላይ ደርሻለሁ፣ እጄ ግን ልትከፍተው እንቢ ብላለች። ገጿ ባትኖር አይደለም የሚያስፈራኝ፣ ያንንማ ለምጄዋለሁ። ብትኖርስ?